«ነቢይ» እና «ረሱል» በቁርኣን፦ የሁለቱ ስያሜዎች ልዩነትና የትርጓሜ ፋይዳው

አኅጽሮተ ጥናት

በአላህ መልእክተኞች ማመን ከስድስቱ የእስልምና የእምነት መሠረቶች አንዱ ነው። ቁርኣን እነዚህን የአላህ ምርጦች በዋናነት «ነቢይ» እና «ረሱል» በሚሉ ሁለት ስያሜዎች ይጠራቸዋል። በማስተማሪያ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደው ብያኔ ረሱልን አዲስ መጽሐፍና አዲስ ሕግ ይዞ የመጣ፣ ነቢይን ደግሞ የቀደመውን ሕግ የሚከተል አድርጎ ይለያቸዋል። ይህ ጽሑፍ ብያኔው ከቁርኣን አጠቃቀም ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣም ይመረምራል፤ የቀደሙትን ሊቃውንት አራት አቋሞች ያነጻጽራል፤ ሱረቱ መርየምንም እንደ ዋና ማሳያ ይወስዳል። የሚደርስበት መደምደሚያ ሁለቱ ቃላት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሰዎችን ሳይሆን የአንድን ተልእኮ ሁለት ገጽታዎች የሚያመለክቱ መሆናቸው ነው። «ነቢይ» ከአላህ የመቀበልን፣ «ረሱል» ወደ ሰዎች የመላክን ገጽታ ያጎላሉ። ይህም በነቢይነት መደምደሚያ ትምህርት፣ በመርየም ማዕረግ ላይ በተነሣው ክርክርና በአማርኛ አተረጓጐም ላይ የራሱ ውጤት አለው።

1. መግቢያ

ስለ እስልምና ነቢያት የሚጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በስም ዝርዝር ይጀምራሉ፤ ከዝርዝሩ ቀጥሎም የእያንዳንዱን ነቢይ ታሪክ ይተርካሉ። «ነቢይ» እና «ረሱል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብያኔ ይታለፋል። ብያኔው ቀላልና ለማስታወስ የሚመች ስለሆነ ከመማሪያ መጽሐፍ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ሲተላለፍ ይኖራል።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ የሚያደርግ ምክንያት አለ። የሱረቱል አሕዛብ 40ኛ አንቀጽ ሙሐመድን የአላህ ረሱል ብሎ ከጠራ በኋላ የነቢያት መደምደሚያ መሆናቸውን ይገልጻል። በአንቀጹ ውስጥ ሁለቱም ቃላት ይገኛሉ፤ መደምደሚያነቱ የተነገረው ግን በ«ነቢይ» በኩል ነው። በሁለቱ መካከል የሚደረገው ልዩነት በተዛባ ቍጥር «የተዘጋው የነቢይነት በር ብቻ ነው፤ የረሱልነት በር ክፍት ነው» የሚል ድምዳሜ ሊከተል ይችላል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ድምዳሜ በተግባር የተከተሉ ወገኖች ስለነበሩ ጥያቄው ከመዝገበ ቃላት ገጽ ያለፈ ክብደት አለው።

2. የቃላቱ ሥርና የአጠቃቀም ወሰን

የዐረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት «ነቢይ» ለሚለው ቃል ሁለት ምንጮችን ይሰጣሉ። የመጀመሪያው «ነበእ» ማለትም ታላቅ ዜና ነው፤ በዚህ መሠረት ነቢይ ከአላህ ዜና የደረሰው ወይም ያንን ዜና የሚናገር ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ከፍታን የሚያመለክተው ሥር ሲሆን ነቢይ በማዕረግ ከፍ ያለ ሰው መሆኑን ይጠቁማል። ከሰባቱ ታዋቂ የቁርኣን አነባበብ መሪዎች አንዱ የሆኑት የመዲናው ናፊዕ ቃሉን በሃምዛ «ነቢእ» ብለው ማንበባቸው የመጀመሪያውን ምንጭ ያጠናክራል። የግእዙ «ነቢይ»፣ «ተነበየ» እና «ትንቢት»ም ከዚሁ ሴማዊ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው።

«ረሱል» ደግሞ «አርሰለ» (ላከ) ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዘ ነው፤ «ሪሳላ» (መልእክት) የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር ይወጣል። ቁርኣን ቃሉን የሚጠቀምበት ወሰን ሰፊ ነው። በሱረቱ ዩሱፍ የግብጹ ንጉሥ ወደ እስር ቤት የላከው ሰው «ረሱል» ተብሏል (12፥50)፤ ይህ ሰው ከነቢይነት ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። በሱረቱ ፋጢር መግቢያ መላእክት መልእክተኞች ተደርገው ተጠቅሰዋል (35፥1)፤ በሱረቱል ሐጅም አላህ ከመላእክትም ከሰዎችም መልእክተኞችን እንደሚመርጥ ተገልጿል (22፥75)። በአንጻሩ «ነቢይ» የሚለው ቃል በቁርኣን ውስጥ ለንጉሥ መልእክተኛም ለመልአክም አልተነገረም።

ከዚህ አንድ መሠረታዊ ነጥብ ይገኛል። በቋንቋ ደረጃ «ረሱል» ከ«ነቢይ» ይሰፋል፤ ምክንያቱም ማንኛውንም የተላከ አካል ሊያመለክት ይችላል። በሃይማኖታዊ ስያሜነት ከአላህ ወደ ሰዎች ለተላኩ ሰዎች ብቻ ሲውል ግን፣ በአብዛኞቹ ሊቃውንት አገላለጽ፣ ከ«ነቢይ» ይጠብባል፤ ረሱል ሁሉ ነቢይ ነው፣ ነቢይ ሁሉ ግን ረሱል አይደለም። ሁለቱን ደረጃዎች አለመለየት ብዙ ግራ መጋባት ያስከትላል።

3. በስም የተጠቀሱትና ያልተጠቀሱት

በተለመደው አቆጣጠር በቁርኣን ውስጥ በስም የተጠቀሱት ነቢያት 25 ናቸው። ከእነዚህ 18ቱ በሱረቱል አንዓም ከ83 እስከ 86 ባሉት አራት አንቀጾች ተሰብስበው ይገኛሉ፦ ኢብራሂም፣ ኢስሐቅ፣ ያዕቁብ፣ ኑሕ፣ ዳውድ፣ ሱለይማን፣ አዩብ፣ ዩሱፍ፣ ሙሳ፣ ሃሩን፣ ዘከሪያ፣ የሕያ፣ ዒሳ፣ ኢልያስ፣ ኢስማዒል፣ አልየሰዕ፣ ዩኑስና ሉጥ። የቀሩት ሰባቱ አደም፣ ኢድሪስ፣ ሁድ፣ ሷሊሕ፣ ሹዐይብ፣ ዙልኪፍልና ሙሐመድ ሲሆኑ በሌሎች ሱራዎች ተጠቅሰዋል። ሉቅማንና ዙልቀርነይን በስም የተጠቀሱ ቢሆንም በነቢይነታቸው ላይ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አብዛኞቹ ሉቅማንን ጥበብ የተሰጣቸው ጻድቅ ሰው አድርገው ይወስዳሉ።

ቁርኣን ራሱ ዝርዝሩ የተሟላ እንዳልሆነ ይናገራል። በሱረቱ አንኒሳእ (4፥164) እና በሱረቱ ጋፊር (40፥78) ታሪካቸው የተተረከና ያልተተረከ መልእክተኞች እንዳሉ ተገልጿል። ለእያንዳንዱ ሕዝብ መልእክተኛ እንደነበረውም በሱረቱ ዩኑስ (10፥47) እና በሱረቱን ነሕል (16፥36) ተመልክቷል። ከአቡ ዘር የተላለፈ አንድ ሐዲስ ነቢያት 124,000፣ ከእነርሱም ረሱሎች 313 ወይም 315 እንደሆኑ ይገልጻል። ኢብን ሒባን ሐዲሱን በሶሒሕ ስብስባቸው ያካተቱት ሲሆን ኢብኑል ጀውዚ ግን ከተፈጠሩ ሐዲሶች ጋር መድበውታል። በ537 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1142) ያረፉት ነጂሙዲን አንነሰፊ ስለዚህ በዝነኛው የእምነት መግለጫቸው በቍጥር አለመወሰን የተሻለ መሆኑን አመልክተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቍጥሩ ከእውነተኛው ከበለጠ ያልሆነውን ነቢይ ማስገባት፣ ካነሰም የሆነውን ማስወጣት ይከተላል።

የሐዲሱ የዘገባ ጥንካሬ የሚያከራክር ቢሆንም ለዚህ ጥናት አንድ ነገር ያመለክታል፤ ነቢያት ብዙ፣ ረሱሎች ጥቂት የመሆናቸው አሳብ በትውፊቱ ውስጥ ቀድሞ የገባ ነው። ጥያቄው ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ የሚለያቸው ምንድን ነው የሚለው ይሆናል።

4. አራት ብያኔዎችና ፈተናቸው

ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ ዘወትር የሚመለሱበት የሱረቱል ሐጅ 52ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ከሙሐመድ በፊት የተላከ ረሱልም ሆነ ነቢይ ሁሉ ስላጋጠመው ነገር ሲናገር ሁለቱን ቃላት በአያያዥ ለይቶ፣ ነገር ግን «ላክን» በሚል በአንድ ግሥ ሥር ያስቀምጣቸዋል። መለየቱ ልዩነት መኖሩን፣ የግሡ አንድነት ደግሞ ሁለቱም የተላኩ መሆናቸውን ያሳያል። ማንኛውም ብያኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድነት መሸከም ይጠበቅበታል።

የመጀመሪያው አቋም በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም የሚል ነው። ከሙዕተዚላ ሊቃውንት ቃዲ ዐብዱልጀባር (በ415 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) በዚህ አቋም ይታወቃሉ። ይህ አቋም የግሡን አንድነት ያከብራል፤ አንቀጹ ሁለቱን ቃላት ለምን ለይቶ እንደጠቀሰ ለማስረዳት ግን ይቸገራል።

ሁለተኛው አቋም ልዩነቱን በመጽሐፍና በሕግ ላይ ይመሠርታል። ዘመኽሸሪ (በ538 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1144 ያረፉ) «አልከሻፍ» በተሰኘው ተፍሲራቸው ረሱል ተአምርንና የወረደለትን መጽሐፍ ያጣመረ፣ ረሱል ያልሆነ ነቢይ ደግሞ መጽሐፍ ሳይወርድለት ወደ ቀደመው ሕግ እንዲጠራ የታዘዘ መሆኑን ያስረዳሉ። በይዷዊም ተቀራራቢ ብያኔ ሰጥተው በሙሳና በዒሳ መካከል የተነሡትን የእስራኤል ነቢያት በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። በትምህርት ቤት የተለመደው ብያኔ የዚህ አቋም ልጅ ነው። ፈተናው የሚመጣው ከቁርኣን አጠቃቀም ነው። ኢስማዒል ረሱል ተብለዋል (19፥54)፤ ነገር ግን ከአባታቸው ከኢብራሂም የተለየ ሕግ ስለማምጣታቸው ቁርኣን አይናገርም። በሱረቱ ሷፋት ኢልያስ፣ ሉጥና ዩኑስ ከመልእክተኞቹ መካከል እንደሆኑ በተከታታይ ተነግሯል (37፥123፣ 133፣ 139)፤ ለእነርሱም የተለየ መጽሐፍ አልተጠቀሰም። ዩሱፍም በሱረቱ ጋፊር (40፥34) በረሱልነት ተወስተዋል።

ሦስተኛው አቋም ረሱልን የተገለጠለትን እንዲያደርስ የታዘዘ፣ ነቢይን ደግሞ ራእይ ተገልጦለት ለሌሎች እንዲያደርስ ያልታዘዘ አድርጎ ይወስዳል። የጦሓዊን የእምነት መግለጫ ያብራሩት ኢብን አቢልዒዝ (በ792 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) ይህን ከብያኔዎቹ ሁሉ የተሻለው አድርገው አቅርበውታል። ይሁንና የሱረቱል ሐጅ አንቀጽ ነቢይም የተላከ መሆኑን ይናገራል፤ የሱረቱል በቀራ 213ኛ አንቀጽም አላህ ነቢያትን አብሳሪና አስጠንቃቂ አድርጎ እንዳስነሣ ይገልጻል። ማብሰርና ማስጠንቀቅ ያለ ማድረስ አይታሰብም።

አራተኛው የኢብን ተይሚያ (በ728 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1328 ያረፉ) አቋም ነው። «ኪታቡን ኑቡዋት» በተባለው ሥራቸው ረሱል የአላህን ትእዛዝ ወደሚቃወም ሕዝብ የተላከ፣ ነቢይ ደግሞ በነበረው ሕግ በአማኞች መካከል የሚያስተምር መሆኑን ያስረዳሉ። አዲስ ሕግ ማምጣት የረሱልነት መስፈርት አለመሆኑንም አጥብቀው ይገልጻሉ፤ ዩሱፍ በኢብራሂም ሃይማኖት፣ ዳውድና ሱለይማንም በተውራት ሕግ ላይ ነበሩና። ይህ አቋም በቡኻሪና በሙስሊም የተላለፈውንና ኑሕን ወደ ምድር ሰዎች የተላኩ የመጀመሪያው ረሱል የሚያደርገውን ሐዲስ በቀላሉ ያብራራል፤ አደም ነቢይ ሲሆኑ በዘመናቸው የሚቃወም ሕዝብ አልነበረምና። ከአራቱ ለቁርኣን አጠቃቀም በእጅጉ የሚቀርበው ይህ ነው። ሆኖም አንድ ሰው በአንድ ስፍራ ነቢይ፣ በሌላ ስፍራ ረሱል ተብሎ የሚጠራበትን ምክንያት ለብቻው አያስረዳም።

አራቱም አቋሞች የሚጋሩት አንድ አካሄድ አለ። ከልዩነት ጀምረው ሰዎችን በሁለት መዝገብ ለመመደብ ወይም መዝገቡን ወደ አንድ ለማጠፍ ይሞክራሉ። ቀጥሎ ያለው ክፍል ሰዎቹን ከመመደብ ይልቅ ቃሉ የገባበትን ዐውድ ይከተላል።

5. የሱረቱ መርየም ምስክርነት

ሱረቱ መርየም ለዚህ ምርመራ የተመቸች ናት፤ በአንዲት ሱራ ውስጥ ስምንት ሰዎች «ነቢይ» ተብለዋል፤ ከእነርሱም ሁለቱ በተጨማሪ «ረሱል» ተብለዋል። ሱራዋ ከኢትዮጵያ ጋርም ታሪካዊ ትስስር አላት። ኢብን ኢስሐቅ ከኡሙ ሰለማ ባስተላለፉት ዘገባ መሠረት ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች መካከል ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ያነበቡት የዚህችን ሱራ መጀመሪያ ነበር።

በሱራዋ ውስጥ ኢብራሂም (19፥41) እና ኢድሪስ (19፥56) እውነተኛና ነቢይ ተብለዋል። ኢስሐቅና ያዕቁብ ለኢብራሂም ከተሰጡ በኋላ እያንዳንዳቸው ነቢይ ተደርገዋል (19፥49)። ሃሩን ከአላህ እዝነት ለሙሳ የተሰጡ ነቢይ ናቸው (19፥53)። ዒሳ በሕፃንነታቸው ሲናገሩ መጽሐፍ እንደተሰጣቸውና ነቢይ እንደተደረጉ ይገልጻሉ (19፥30)። ሙሳ (19፥51) እና ኢስማዒል (19፥54) ግን ረሱልም ነቢይም ተብለዋል።

«ነቢይ» ብቻ በተባለባቸው ስፍራዎች ዐውዱን የሚገዙት ግሦች «ሰጠን» እና «አደረገ» ናቸው። ትኩረቱ ከላይ ወደ ታች በሚወርደው ስጦታ ላይ ነው፤ የሕዝብ መቃወም ወይም የመልእክት መድረስ ጉዳይ ከፊት አልመጣም። ኢብራሂም አባታቸውን ሲያስጠነቅቁ ቢታዩም ንግግራቸው የሚመረኮዘው ለአባታቸው ያልደረሰ ዕውቀት ለእርሳቸው በመድረሱ ላይ ነው (19፥43)። ኢስማዒል ረሱል በተባሉበት ስፍራ ግን ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ቤተሰባቸውን በሶላትና በዘካ ያዝዙ እንደነበር ይናገራል (19፥55)። የቃሉ አቅጣጫ ወደ ሰዎች ዞሯል።

ግልጽ የሆነው ማስረጃ የሃሩን ነው። በሱረቱ መርየም ለሙሳ የተሰጡ ስጦታ ሆነው ሲወሱ «ነቢይ» ተብለዋል። በሱረቱ ጣሀ ግን ከወንድማቸው ጋር ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ ሲታዘዙ ሁለቱም የጌታህ መልእክተኞች ነን እንዲሉ ተነግሯቸዋል (20፥47)። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ተልእኮውም አንድ ነው። የተለወጠው የሚታዩበት አቅጣጫ ነው። ዒሳም እንዲሁ በመኝታ አልጋቸው «ነቢይ» ሲሆኑ ለእስራኤል ልጆች ሲናገሩ ወደ እነርሱ የተላኩ «ረሱል» መሆናቸውን ያውጃሉ (61፥6)።

ሙሐመድ የሚጠሩበት አኳኋንም ይህንኑ ይደግፋል። «አንተ ነቢይ ሆይ» የሚለው ጥሪ በቁርኣን 13 ጊዜ ሲገኝ ከእነዚህ በርካታዎቹ የቤተሰብ ጉዳዮችን ይመለከታሉ (ለምሳሌ 33፥28፣ 33፥59፣ 66፥1)። «አንተ መልእክተኛ ሆይ» የሚለው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ከሁለቱ አንዱ የወረደውን እንዲያደርሱ በግልጽ የሚያዝዘው አንቀጽ ነው (5፥67)። ሰዎች እንዲታዘዙ የሚጠይቁት አንቀጾችም መታዘዙን የሚያያይዙት ከ«ረሱል» ጋር ነው (4፥64፣ 4፥80)።

ይህ ግን የማይሻር ደንብ ሳይሆን ዝንባሌ ነው። በሱረቱል አሕዛብ 45ኛ አንቀጽ «አንተ ነቢይ ሆይ» ከሚለው ጥሪ ቀጥሎ የሚመጣው የመላክ ግሥ ነው። እንዲህ ያሉ አንቀጾች ሁለቱ ገጽታዎች በአንድ ሰው ላይ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ያስታውሳሉ፤ ነቢዩ የተቀበለው ሊልኩት ነውና። የሱረቱል ሐጅ 52ኛ አንቀጽም በዚህ መንገድ ሲታይ አያስቸግርም፤ ሁለቱ ስያሜዎች የተለያዩት የሚያጎሉት ስለሚለያይ ነው፤ በአንድ ግሥ ሥር የዋሉት ደግሞ መላኩ ሁለቱንም ስለሚያቅፍ ነው።

6. ልዩነቱ የሚያስከትላቸው ጉዳዮች

6.1 የመርየም ማዕረግ

ልዩነቱ ከብያኔ አልፎ ወደ ክርክር የገባበት አንዱ ስፍራ የሴቶች ነቢይነት ጉዳይ ነው። የአንደሉሱ ኢብን ሐዝም (በ456 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1064 ያረፉ) ሴቶች ነቢይነት ሊሰጣቸው እንደሚችል ተከራክረዋል። መነሻቸው የቃላቱ ልዩነት ነው። በሱረቱ ዩሱፍ 109ኛ አንቀጽ የተላኩት ወንዶች እንደሆኑ የተነገረው የመላክን ተግባር ይመለከታል፤ ዜና መቀበል ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሙሳ እናት ልጃቸውን ወደ ወንዙ እንዲጥሉት ተገልጦላቸዋል (28፥7)፤ መርየምንም መልአክ አነጋግሯቸዋል (19፥17–21)። ሌላው የአንደሉስ ሊቅ ቁርጡቢ (በ671 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) የመርየምን ነቢይነት ተቀብለዋል።

አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን ይህን አይቀበሉም። ቁርኣን የመገለጥን ግሥ ለንብም (16፥68)፣ ለዒሳ ሐዋርያትም (5፥111) ስለሚጠቀምበት መገለጥ ብቻውን ነቢይነትን አያረጋግጥም የሚል መልስ ይሰጣሉ። የመርየም ማዕረግም በሱረቱል ማኢዳ (5፥75) እጅግ እውነተኛ በመባል መገለጹን ያስታውሳሉ። ክርክሩ የሚያሳየው «ነቢይ» ከመላክ ተለይቶ እንደ መቀበል ብቻ ሲታይ ወሰኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ገጽታዎች ይለያሉ ማለት አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ ነው ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

6.2 የነቢይነት መደምደሚያ

በሱረቱል አሕዛብ 40ኛ አንቀጽ የሚገኘውን ቃል ዓሲም «ኻተም» (ማኅተም)፣ ሌሎቹ አንባቢዎች «ኻቲም» (ደምዳሚ) ብለው አንብበውታል። በሁለቱም አነባበብ የትርጓሜ ሊቃውንት ከሙሐመድ በኋላ ነቢይ እንደማይነሣ ተረድተዋል። ኢብን ከሢር (በ774 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1373 ያረፉ) ከእርሳቸው በኋላ ነቢይ ከሌለ ረሱል ይበልጡን እንደማይኖር ያስረዳሉ፤ ረሱልነት ከነቢይነት የጠበበ ማዕረግ ነውና። ሰፊው በር ሲዘጋ በውስጡ ያለው ጠባቡ በር አብሮ ይዘጋል። ዘመኽሸሪም ዒሳ በዘመን ፍጻሜ የሚመለሱ ከሆነ መደምደሚያነቱ እንዴት ይጸናል የሚለውን ጥያቄ አንሥተው፣ ዒሳ ነቢይነት የተሰጣቸው ቀድሞ በመሆኑና ሲመለሱም በሙሐመድ ሕግ ስለሚሠሩ ችግር እንደሌለ መልሰዋል።

የልዩነቱ አደጋ የታየው በዘመናዊው ጊዜ ነው። የአሕመዲያ እንቅስቃሴ መሥራች ሚርዛ ጉላም አሕመድ (እ.ኤ.አ. በ1908 ያረፉ) አዲስ ሕግ የማያመጣ፣ ለሙሐመድ ተገዥ የሆነ ነቢይነት ሊኖር ይችላል በሚል መሠረት የነቢይነት ስያሜን ለራሳቸው ተጠቅመዋል። እዚህ ላይ «ሕግ ያመጣ» እና «ሕግ ያላመጣ» የሚለው የብያኔ መስመር ወሳኝ ሆኖ ይገኛል። አብዛኛው የሙስሊም ዓለም ይህን አልተቀበለም፤ ፓኪስታንም እ.ኤ.አ. በ1974 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የእንቅስቃሴውን ተከታዮች ከሙስሊምነት ውጭ መድባለች። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ራሻድ ኸሊፋ (እ.ኤ.አ. በ1990 የሞቱ) ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደው፣ አንቀጹ የዘጋው ነቢይነትን እንጂ ረሱልነትን አይደለም በማለት ራሳቸውን ረሱል አድርገው አቅርበዋል።

ሁለቱ አካሄዶች የተለያዩ ቢሆኑም መነሻቸው ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም ስያሜዎቹን እርስ በርሳቸው ሊለያዩ የሚችሉ ሁለት ሥልጣኖች አድርገው ወስደዋል። በክፍል 5 የታየው አጠቃቀም ግን ይህን አይደግፍም። «ነቢይ» ከአላህ የመቀበልን ገጽታ ካመለከተ፣ መቀበሉ ሲቋረጥ የሚላክ ነገር አይኖርም። መደምደሚያነቱ በ«ነቢይ» በኩል የተነገረውም ምንጩ ሲዘጋ ፈሳሹ አብሮ ስለሚቆም ነው ለማለት ይቻላል።

7. ሁለቱ ቃላት በአማርኛ

በ1961 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም «ነቢይ» የሚለውን ቃል በነበረበት ትቶ «ረሱል»ን «መልክተኛ» ብሎ ተርጕሞታል። ምርጫው ከላይ ከተገኘው ውጤት ጋር ይስማማል። «መልእክተኛ» ልክ እንደ «ረሱል» ከመላክ ሥር የወጣ በመሆኑ ወደ ሰዎች የሚሄደውን አቅጣጫ ይጠብቃል። የግእዙ «መልአክ»ም «ለአከ» ከሚለው ከዚሁ ሥር ስለተገኘ፣ ቁርኣን መላእክትን በመልእክተኝነት ሲጠራ በአማርኛ የሚሰማው ዝምድና ከዐረብኛው ይልቅ የጎላ ነው።

«ሐዋርያ» የሚለውን ቃል ለ«ረሱል» አለመጠቀሙም ተገቢ ነው። የዐረብ ክርስቲያኖች የክርስቶስን ሐዋርያት «ሩሱል» ብለው ስለሚጠሩ ቃላቱ አቻ ሊመስሉ ይችላሉ። ቁርኣን ግን የዒሳን ደቀ መዛሙርት «ሐዋሪዩን» ይላቸዋል (3፥52፣ 61፥14)። የዐረብ ቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ከንጣት ጋር ሲያያይዙት፣ ቴዎዶር ኖልደከን የመሰሉ የሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚዎች ከግእዙ «ሐዋርያ» የተወሰደ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ «ሐዋርያ» በአማርኛ ቁርኣን ውስጥ ቀድሞ የተያዘ የራሱ ስፍራ አለው።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ነቢይ» ነው፤ ቃሉ ሳይለወጥ ስለሚተላለፍ ትርጕሙም ሳይለወጥ የተላለፈ ይመስላል። በአማርኛ «ነቢይ» ከ«ትንቢት» ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ስሜት ያሳድራል። በቁርኣን ግን ሙሐመድ የሩቁን ምስጢር እንደማያውቁ እንዲናገሩ ታዘዋል (6፥50፣ 7፥188)፤ የነቢይነት ዋና ይዘት የመጪውን ጊዜ መተንበይ አይደለም። የነቢያቱ ማኅበርም አንድ አይደለም። ኢሳይያስ፣ ኤርምያስና ሕዝቅኤል በቁርኣን በስም አልተጠቀሱም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ በዋናነት በንግሥናቸው የሚታወቁት ሰሎሞንና በነቢይነት ያልተቆጠሩት ሎጥ ግን በቁርኣን ከነቢያት ወገን ናቸው። የንጽጽር ጥናት የሚያካሂድ ተመራማሪ የፊደል አንድነትን የትርጕም አንድነት አድርጎ እንዳይወስድ ይህ ማሳሰቢያ ይሆነዋል።

8. ማጠቃለያ

ረሱል አዲስ መጽሐፍና ሕግ ያመጣ ነው የሚለው የተለመደ ብያኔ በኢስማዒል፣ በሉጥ፣ በኢልያስ፣ በዩኑስና በዩሱፍ ጉዳይ ከቁርኣን አጠቃቀም ጋር ይጋጫል። የኢብን ተይሚያ ብያኔ ብዙዎቹን ችግሮች ይፈታል። የሃሩንና የዒሳ አጠራር ከስፍራ ስፍራ የሚለዋወጠው ግን ስያሜዎቹ በአብዛኛው የአንድን ተልእኮ መቀበልና መድረስ ስለሚያጎሉ ነው። ስለዚህ ለማስተማሪያነት የሚዘጋጁ የአማርኛ ጽሑፎች ብያኔውን ከመድገም ይልቅ፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ የትኛው ስያሜ ለምን እንደተመረጠ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

ለወደፊት ጥናት ሁለት መስኮች ክፍት ናቸው። አንደኛው «ሙርሰል» እና «ነዚር» (አስጠንቃቂ) የሚሉትን ተዛማጅ ስያሜዎች ጨምሮ በመላው ቁርኣን ያለውን አጠቃቀም በዐውድ መመደብ ነው። ሁለተኛው በወሎና በሌሎች አካባቢዎች በአማርኛና በዐጀሚ የተደረሱ መንዙማዎች ሁለቱን ቃላት እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው መመርመር ነው። ቁርኣን እያንዳንዱ መልእክተኛ በሕዝቡ ቋንቋ እንደተላከ ይናገራል (14፥4)፤ መልእክቱን የተቀበሉ ሕዝቦች በየቋንቋቸው መልእክተኛውን ምን ብለው እንደጠሩት መጠየቅም የዚሁ ምርመራ ቀጣይ ክፍል ነው።